የአጎቴ ጀልባ ሦስት ክንፎች

ባለፈው ቅዳሜ ድስት በሳሙና ፈትጌ፣ በቅጡ ሳላለቀልቀው ምድጃ ላይ ጥጄው ወደ ሳሎን ዞር እንዳልኩ፣ የሚያር የልብስ ሳሙና ሽታ ከኋላዬ መጥቶ ያዘኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ መስኮት ይከፍት ነበር፤ እኔ ግን ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጭልፋዬን እንደያዝኩ፣ «ጠቆረ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ባለቤቴ አፍንጫውን ይዞ መጥቶ ምን እያቃጠልኩ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሳቄን ማቆም አቃተኝ፤ ሰው ሁሉ ሳሙና ሲያር ድስት ተበላሸ ይላል እንጂ፣ እኛ ቤት ሳሙና ካረረ ብረቱ ለሥራ ደረሰ ማለት ነበር።

ያደግሁት አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ብዙም በማይርቅ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አባዬ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቬንትሌተር ጠጋኝ ነበር፤ እነዚያን የክር ብናኝ የሚጠርጉ፣ ቁመታቸው ሰው የሚያክል ማራገቢያዎች እየፈታ፣ ክንፋቸውን እያቃና፣ መልሶ እየሰቀለ ነው ጎልማሳነቱን የጨረሰው። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ጓሯችን ውስጥ በቆርቆሮ በከለላት ክፍል ከሰሉንና ወናፉን፣ ሞርሳውንና ሞረዱን ይዞ የጎረቤቱን በርሜልና የበር ማጠፊያ ይጠግን ነበር። እማዬ ባጃጅ ትነዳ ነበር። ያኔ ሴት ባጃጅ ስትነዳ ማየት ብርቅ ስለነበር፣ አንዳንዱ ተሳፋሪ ሊገባ እግሩን ካነሳ በኋላ መሪውን የያዘችው ማን እንደሆነች ሲያይ ወደ ኋላ ይል ነበር፣ እሷም ፊቷን ሳታዞር «ከፈራህ እግር አለህ» ብላው ትሄድ ነበር። እኔ የሁለቱም አንድያ ልጅ ነኝ። ከአባዬ ዝምታን፣ ከእማዬ ምላስን ወርሳለች ይሉኛል፤ ዝምታው የት እንደገባ እስካሁን አላገኘሁትም።

እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ዝናቡ ጓሯችንን አረንቋ አድርጎት ሳለ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም ደሳለኝ ከዝዋይ መጣ። አጎቴ ባዶ እጁን መጥቶ ስለማያውቅ፣ ማዳበሪያውን ከእጁ ነጥቄ ስከፍተው፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ነገር ግን ዓሣ ያልሆነ፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ባለ ሦስት ክንፍ አሉሚኒየም አገኘሁ። ፕሮፔለር ይባላል አለኝ፤ ከጀልባዋ ሞተር ሥር፣ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን ወደ ፊት የሚገፋት እሱ ነው። እኔ ጀልባ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አባዬም ቢሆን ከሳፋ የሰፋ ውሃ ካየ የሚፈራ ሰው ነበር።

አጎቴ ከዝዋይ ዳርቻ ወደ ደሴቶቹ ሰው ያሻግር ነበር። እዚያ ጀልባዎቹ እንደ ታክሲ በተራ ነው የሚጭኑት፤ ተራውን የሚያስከብሩት ኦቦ ቱፋ የሚባሉ፣ አንድ ጊዜ የተናገሩትን የማያጥፉ ሽማግሌ ነበሩ። የዓመቱ ትልቁ ቀን ኅዳር ጽዮን ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ምእመን ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ለመሻገር ዳርቻውን ያጥለቀልቀዋል። ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው ጽዮን የአጎቴ ጀልባ ሰው ሞልቶባት ሞተሩ ሲነሳ፣ ዳርቻውን ከሸፈነው ረጅም ሣር፣ ከፊላው መሃል መውጣት አቅቷት እዚያው ስትንገዳገድ ቆይታ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ማዕበሉን ማንሳት ሲጀምር ተሳፋሪው ፈርቶ እየወረደ በሌሎች ጀልባዎች ሄደ።

«ባዶዋን ስትሆን ትበራለች፣ ጋሼ» አለው አባዬን። «ሰው ሲሞላባት ግን አትነሳም። ኦቦ ቱፋ፣ ሞልታ ካልተነሳች ለዘንድሮ ጽዮን ተራ የለህም ብለውኛል። የጽዮን ተራ ያጣ ጀልባ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚሳፈርበት የለም። ከአሁኑ ‹ያቺ የማትነሳዋ› ብለው ስም አውጥተውላታል። ሸጬያት የሰው መረብ ጎታች ልሆን ነው።»

አባዬ ፕሮፔለሩን በመዳፉ እያገላበጠ ብዙ ቆየና፣ «ይሄማ ቬንትሌተር ነው» አለ። ያቺን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ብዙ ጣጣ ታመጣለች።

ክረምቱን ሙሉ ቤታችን በዚያ ብረት ዙሪያ ዞረ። አሉሚኒየም እንደ ሌላው ብረት ሲግል አይቀላም፤ ምንም ሳይመስል ቆይቶ ድንገት ይቀልጣል። ስለዚህ አባዬ ክንፉን የልብስ ሳሙና ቀብቶ ከሰሉ ላይ ያደርገው ነበር፣ እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ሳሙናው ከቢጫ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር እስኪለወጥ አፍጥጬ እጠብቅ ነበር፣ ልክ ሲጠቁር «ጠቆረ!» ብዬ ስጮህ እሱ በጉጠት ብድግ አድርጎ ያወጣውና፣ ብረቱ ለስልሶለት በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ ያጥፈው ነበር። ያ ጩኸቴ እስከ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ ይሰማ ስለነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ የኛን ብረት መድረስና አለመድረስ ያውቅ ነበር።

የሦስቱ ክንፎች አዘነባበል አንድ እንዲሆን ደግሞ አባዬ የጭቃ ልክ ሠራ። የአቃቂ ጥቁር መረሬ አፈር ሲደርቅ መሰንጠቅ ይወዳል፣ የመጀመሪያውም ልክ ለሁለት ተከፍሎ እማዬን በሳቅ ገደላት። ከዚያ ለቤት ምርጊት እንደሚደረገው ከጭድ ጋር አቡክተን፣ እኔ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ረግጬው፣ ቆይቶ ሲደርቅ እንደ ጡብ ጠነከረ። አባዬ የታጠፈውን ክንፍ በላዩ ላይ አስተኝቶ ከጎን ባትሪ ያበራ ነበር፤ በመሃላቸው ብርሃን ሾልኮ ከታየ ክንፉ ወደ መዶሻው ይመለሳል። በመጨረሻ በፕሮፔለሩ መሃል ዘንግ አስገብቶ በሁለት ቀጫጭን የብረት ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ያሽከረክረው ነበር፣ ከበድ ያለው ክንፍ እየወረደ ከታች ሲቆም እሱን በሞረድ ይከረክመዋል። እኔ ክንፎቹን በሚስማር ምልክት ጭሬባቸው፣ አንዱን የአባዬ፣ አንዱን የእማዬ፣ አንዱን የኔ ብዬ ነበር። ሁሌ የሚወርደው የኔ ነበር፤ አባዬም ሞረዱን እያነሳ «ሆዳሟ ወረደች» ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ቬንትሌተሩ ጣጣ ልምጣ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ያወቀው አንድ ነገር ነበር፤ የማራገቢያ ክንፍ ይበልጥ ቀና ብሎ በቆመ መጠን ብዙ አየር ይገፋል። ስለዚህ የጀልባዋንም ክንፎች ከነበሩበት ይበልጥ አቆማቸው። ሥራው የሚያምር ነበር፤ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ ሚዛኑ ተጠብቆ፣ ፊት እስኪያሳይ ተወልውሎ፣ በመስቀል ማግስት አጎቴ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሲወስደው አባዬ አውቶቡሱ እስኪሰወር መንገድ ላይ ቆሞ አየው። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ አባቴ የመርከብ ሞተር ሠራ ብዬ አወራሁ፤ ጀልባ ማለት ያንሳል ብዬ ነው።

ጥቅምት ላይ ጭቃው ደርቆ፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አፍንጫ ሲቆርጥ፣ አጎቴ ያንኑ ጨርቅ ይዞ ተመለሰ። ፊቱን ሳይ ዓሣ አምጥተሃል ወይ ብዬ መጠየቅ እንኳ አልደፈርኩም። ጭራሽ ብሶባታል። ሰው ሞልቶባት ሲያስነሳት ሞተሩ ይጨነቃል፣ ጀልባዋ ቂጧን ውሃ ውስጥ ቀብራ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ትሰቅላለች፣ ከዚያ ወዲያ ፈቀቅ የለም። አባዬ ሞተሩን ጠረጠረ፣ ቀጥሎ ቤንዚኑን ጠረጠረ፣ በመጨረሻ የዝዋይን ሰው ክብደት ጠረጠረ። አጎቴ ገዢ እየፈለገ መሆኑን ሲነግረን የቤታችን አየር ከበደ፤ እኔ ያችን አይቻት የማላውቃትን ጀልባ የሞተች ያህል አለቀስኩላት።

እማዬ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች። «ሞተሩ ሲጨነቅ ምን ብሎ ነው የሚጮኸው?»

አጎቴ ግራ ተጋብቶ አያት፣ ከዚያ ደረቱን ይዞ ወፍራም፣ የሚንገታገት፣ ሊያልቅ ሊያልቅ የሚል ድምፅ አወጣ። እማዬ እስኪጨርስ እንኳ አልጠበቀችውም።

«ይሄማ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ የተነሳ ባጃጅ ነው።»

«ባጃጅ ውሃ ላይ ይሄዳል?» አለ አባዬ።

«ተነሱ፣ ግቡ» አለች።

ከሐዲዱ ማቋረጫ አጠገብ አንዲት አጭር ዳገት አለች። እማዬ አባዬንና አጎቴን ከኋላ፣ እኔን ከመሃላቸው፣ ከጉልበታችን ላይ ደግሞ ከወፍጮ ቤት የመጣ የጤፍ ጆንያ ጭና፣ ዳገቷ ሥር ባጃጇን አቆመች። መጀመሪያ በሦስተኛ ማርሽ ልታስነሳት ሞከረች፤ ባጃጇ ልክ አጎቴ ያወጣውን ድምፅ አውጥታ፣ ተንገታግታ፣ ጠፋች። አጎቴ «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» ብሎ ጆንያውን መታው፣ ዱቄቱ አባዬ ፊት ላይ ቦነነ። ከዚያ እማዬ አስነሳቻትና በአንደኛ ማርሽ ለቀቀቻት፤ ያቺ ትንሽ ሞተር ድምጿን አቅጥና እየዘፈነች፣ እኛን ከነጆንያችን ዳገቷን አወጣችን።

አባዬ ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ ሳይጠርግ ወረደና መንገዱ ዳር ቆመ። እኔ የተናደደ መስሎኝ ነበር። «የፋብሪካው ቬንትሌተር በመብራት ነው የሚዞረው» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «እሱ ምን ቢጭኑበት ፍጥነቱን ይዞ ይዞራል። የጀልባዋ ሞተር ግን መጀመሪያ ትንፋሽ መሰብሰብ አለበት። እኔ ገና ከመነሻው ብዙ ውሃ አሸከምኩት።» ይህን ብሎ ባጃጁ ውስጥ ሳይመለስ በእግሩ ወደ ቤት ገሰገሰ፤ እኛ ስንደርስ ከሰሉን አቀጣጥሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሳሙናው የት እንደገባ ይጠይቅ ነበር።

የአሁኑ ሥራ እንደ ክረምቱ አልነበረም። ክረምት ላይ አባዬ ብቻውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አሁን ግን እያንዳንዱን ክንፍ ባስተኛ ቁጥር እማዬን ይጠራት ነበር፣ እሷም ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ እጇን በክንፉ ላይ እያንሸራተተች፣ «ይሄ ገና ሁለተኛ ማርሽ ነው» ትለው ነበር። አዲስ የጭቃ ልክ ሠራን፣ ክንፎቹን አለዝበን ከመጀመሪያውም ይበልጥ አስተኛናቸው። ውሃው ደግሞ በተኛው ክንፍ ላይ ተንሸራቶ እንዳያመልጥ፣ አባዬ የኋላ ጠርዛቸውን እንደ ጭልፋ ከንፈር በጥቂቱ ቆልመም አደረገው። ኅዳር ሲገባ ፕሮፔለሩን በጠርዞቹ ላይ አስቀምጦ አሽከረከረው፤ የእማዬ ክንፍ ከታች ቆመ። ደግሞ አሽከረከረው፤ የአባዬ ቆመ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ እንደገና አሽከረከረውና፣ የሦስቱም ሚዛን እኩል ሆኖ፣ አንዱም ሳይወርድ የኔ ክንፍ ወደ ጎን ተዘርግቶ ቀረ። «ሆዳሟ ጾመች» አለ አባዬ፣ እኔም በሳቅ መሬት ላይ ወደቅሁ።

ለጽዮን ዋዜማ ሦስታችንም ፕሮፔለሩን ይዘን በቅጥቅጥ አውቶቡስ ዝዋይ ወረድን። ሐይቁን መጀመሪያ ሳየው ሰማይ መሬት ላይ የተነጠፈ መስሎኝ ቃል አጣሁ፤ በሕይወቴ ቃል ያጣሁበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ እማዬ እስካሁን ታነሳዋለች። ዳርቻው ከወዲሁ ነጭ በለበሰ ሰው ሞልቶ ነበር። አጎቴ ፕሮፔለሩን ሞተሩ ላይ ሲያስር፣ ሌሎቹ ባለ ጀልባዎች «ያቺ የማትነሳዋ መጣች» እያሉ ሲሳሳቁ ይሰማኝ ነበር። ኦቦ ቱፋ ሰፊ የሣር ባርኔጣቸውን አድርገው መጡና፣ ጀልባዋ እስከ መጨረሻው መቀመጫ ሰው እንዲሞላባት አዘዙ፤ ራሳቸውም ከፊት ተቀመጡ፣ እኔና እማዬም ገባን። አባዬ ግን ዳር ላይ እንደ ተተከለ ቆሞ ነበር።

«ብረቱን ያቃኑት እርስዎ ነዎት?» አሉት ኦቦ ቱፋ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ሌላውን አስጭነው እርስዎ ዳር ይቆማሉ?»

አባዬ ዐይኑን ጨፍኖ ገባ፤ እጄን ሲይዘኝ አጥንቴ እስኪሰማኝ ጨመቀኝ። ጀልባዋ በሰው ብዛት እስከ ከንፈሯ ሰምጣ፣ ፊላው በሁለቱም ጎን ከቧት ነበር። አጎቴ የሞተሩን ገመድ ሳበው፣ ያዘ፤ ጋዝ ሲሰጠው እኔ ያን የሚንገታገተውን ጩኸት እየጠበቅሁ ጥርሴን ነከስኩ። የመጣው ግን ሌላ ድምፅ ነበር፤ ከፍ እያለ፣ እየቀጠነ፣ ዳገቷን የወጣችውን ባጃጅ የሚመስል ዘፈን። አፍንጫዋ ትንሽ ቀና አለና ወዲያው ተመለሰ፣ ፊላው በሁለቱም ጎን ተጎንብሶ ወደ ኋላችን ሸሸ፣ የሁላችንም ጀርባ ከመቀመጫው ጋር ተጣበቀ፣ የኦቦ ቱፋ ባርኔጣ ከራሳቸው ላይ ተነስቶ በኔ አናት አልፎ ሐይቁ ላይ አረፈ። ከኋላ አንዲት እናት እልል አሉ፣ ዳርቻው ተቀበላቸው።

አባዬ ዐይኑን አልገለጠም ነበር። ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ፣ «አያቃስትም» አለ ቀስ ብሎ። «ሰማሽው? አያቃስትም።» እማዬ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርታ «አንደኛ ማርሽ!» ብላ ጮኸችለት። ያኔ ዐይኑን ገለጠ፣ ዙሪያውን ውሃ ብቻ ሲያይ በመፍራት ፈንታ ሳቀ፤ አባቴ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት። አጎቴ መሪውን ስለያዘ እንባውን በትከሻው ይጠርግ ነበር። ዳርቻው ስንመለስ ኦቦ ቱፋ ባዶ አናታቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አጎቴን «ባርኔጣዬን ትተካለህ» አሉት። ቀጥለውም «ነገ የመጀመሪያው ተራ ያንተ ነው» አሉ።

በነጋታው አጎቴ ከጠዋት እስከ ማታ ምእመን ሲያሻግር ዋለ፤ ሰውም ሌላ ጀልባ ባዶዋን ቆማ እያየ የሱን ይጠብቅ ነበር። «ያቺ የማትነሳዋ» የሚለው ስም በዚያው ጠፋና «ባርኔጣ ነጣቂዋ» ተባለች። ከዚያ ዓመት በኋላ በበጋው ወራት፣ ሐይቅ በሌለበት አቃቂ፣ በኛ ጭቃ ቤት በር ላይ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ማዳበሪያ የተሸከሙ ሰዎች ይሰለፉ ጀመር፤ አባዬም ለመጣው ሁሉ ሥራውን ከመቀበሉ በፊት «ማርሹን የነገረችኝ ሚስቴ ናት» ሳይል አይጀምርም ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ ባጃጇን ያለ ምክንያት ጥሩምባ ታስነፋት ነበር።

አሁን እኔ ቂሊንጦ ባለ አንድ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ እኛ ዘንድ የተበላሸ ነገር ይፈታና አዲሱ ይገባል፣ የቱ እንደጎደለም ማሽኑ ራሱ በስክሪን ይናገራል፣ ሳሙና ቀብቶ የሚጠብቅ ሰው የለም። አላማርርም፤ ሥራው ፈጣን ነው፣ እጄም አይቃጠልም። ብቻ ጠዋት የሠራተኛው አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቶ ከገላን ሲነሳ፣ ሾፌሩ ማርሽ ሲሳሳት ከሁሉ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። አባዬ አሁን ጉልበቱን ያመዋል፣ እማዬ ባጃጇን ከሸጠች በኋላ የሰው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ነጂውን ስታርም ትውላለች። አጎቴ አዲስ ሞተር ሲገዛ የድሮውን ፕሮፔለር እንደ መጀመሪያው ቀን በማዳበሪያ ጠቅልሎ አመጣልኝ፣ በዚህኛው ማዳበሪያ ግን ዓሣም ነበረበት። አባዬ በሠራልኝ መቆሚያ ላይ፣ በሁለቱ የብረት ጠርዞች መሃል፣ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጧል።

ቅዳሜ ያን ያረረ ድስት ፈትጌ ከጨረስኩ በኋላ ልጄ መጥታ ፕሮፔለሩን ታሽከረክር ጀመር። የክንፎቹን ታሪክ ደጋግሜ ነግሬያታለሁና፣ «እማ፣ ያንቺ የቱ ነው?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ፤ በሚስማር የጫርኩትን ምልክት የዝዋይ ውሃ ለዓመታት ልሶ አጥፍቶታል። አሽከረከርኩት፣ አንዱ ክንፍ ከታች ቆመ፤ ደግሜ አሽከረከርኩት፣ ሌላው ቆመ፤ እንደገና ሳሽከረክረው ሦስቱም እኩል ሆነው አንዱም ሳይወርድ ቀረ። «አላውቅም» አልኳት፤ «አላውቅም» ብዬ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን የለም።